ነጭ ነጠላ፣ ጠይም ፊት፣ አዲስ ካሜራ

ስለ አዲሱ ካሜራዬ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል፤ ለሁላችሁም እዚሁ ልጻፈው። ካሜራው ፉጂፊልም ኤክስ-ቲ5 የተባለ ሚረርለስ (መስታወት የሌለው) ነው። ገበያ ላይ የዋለው በ2022 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ለእኔ አዲስ ነው። ሁለት ሌንሶች አብረውት መጥተዋል፤ 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 እና 56 ሚሊሜትር ኤፍ 1.2።

ስለ 40 ሜጋፒክስሉ የሚተነትን ቪዲዮ በየዩቲዩቡ ሞልቷል። እኔ ልናገር የምፈልገው ከእኛ አገር ፎቶ አንሺ በቀር ማንም ብዙ የማይጨነቅበትን ጉዳይ ነው፦ ነጭ የለበሰ ጠይም ሰው ማንሳት።

የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ሲደማመር መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ብሎ ይገምታል። ነጠላ ለብሶ በቆመ ምእመን መሀል ሲገባ ግን የሚያየው ነጭ ብቻ ነው። ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ምስሉን ያጨልመዋል። ያን ጊዜ ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ደግሞ ጥቁር ይሆናል፤ ዐይን ከቅንድቡ አይለይም። ለፊቱ ብለን ብርሃን ከጨመርን ደግሞ የነጠላው ክር ይጠፋል፣ የጥበቡ ቀለም ይደበዝዛል። ሠርግ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ይህን ትግል ያውቀዋል።

ችግሩ ከዲጂታል ዘመን በፊትም ነበረ። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ «ሸርሊ» ይባል ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ሴት ነጭ ስትሆን፣ የሁሉም ሰው ፎቶ ቀለም የሚስተካከለው በእሷ ቆዳ ልክ ነበር። ፊልሙ ጥቁርና ቡናማ ቀለምን ለይቶ እንዲያሳይ ኩባንያውን ከገፋፉት ቅሬታዎች አንዱ የመጣው ከቸኮሌትና ከእንጨት ዕቃ አምራቾች ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። በየቤቱ አልበም ውስጥ የእናቶቻችን ፊት ጠቁሮ የቀረው በብርሃን ማነስ ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ ሚረርለስ እዚህ ላይ ነው ልቤን የወሰደው። በዲኤስኤልአር ቀዳዳ የምናየው በመስታወት ተንጸባርቆ የሚመጣውን ትዕይንት ነው፤ ፎቶው ምን እንደሚመስል የምናውቀው ከተነሳ በኋላ ነው። እናነሳለን፣ ስክሪኑን እናያለን፣ እናስተካክላለን፤ እስከዚያ እናትየው ዕንባዋን ጠርጋ ጨርሳለች። በዚህኛው የምናየው ሴንሰሩ ራሱ የሚያየውን ነው። የብርሃን ማካካሻው መዘውር አናቱ ላይ፣ በቀኝ አውራ ጣት የሚደረስበት ቦታ ነው። ዐይኔን ሳልነቅል አዞረዋለሁ፤ ፊቱ ቀስ በቀስ ሲበራ፣ ነጠላው ሊቃጠል ሲል አየዋለሁ፤ እዚያ ላይ አቆማለሁ። ሂስቶግራሙንም እዚያው ጥግ ላይ አስቀምጡት፤ ጨለማ ውስጥ የቪውፋይንደሩ ድምቀት ዐይንን ያታልላል።

ሁለተኛው ጸጋ ዝምታው ነው። ተክሊል ያነሳችሁ ታውቃላችሁ። ሙሽሮቹ ካባ ደርበው፣ አክሊል ደፍተው ቆመዋል፤ ካህኑ እየጸለዩ ነው፤ በዚያ መሀል የመስታወቱ ቋቋታ ሰው ያዞራል። በኤሌክትሮኒክ ሹተር ግን ምንም ድምፅ የለም። ሰው ጸሎቱን ሳይተው ማንሳት ለእኔ ከሜጋፒክስሉ ሁሉ ይበልጣል። (ድምፅ ስለሌለ ብቻ ያልተፈቀደ ቦታ መግባት ግን ነውር ነው፤ ፈቃድ ያው ፈቃድ ነው።) ዝምታው የሚያምረው የመስኮትና የጧፍ ብርሃን ባለበት ነው። ኤልኢዲ በበዛበት አዳራሽ ኤሌክትሮኒክ ሹተር ምስሉ ላይ መስመር ሊጥል ይችላል። ይህ የብዙ ሚረርለሶች ጠባይ ስለሆነ አዳራሽ ስትገቡ ወደ ሜካኒካሉ መልሱት።

ወደ ሌንሶቹ ልምጣ። ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም ስለሚያንስ 35ቱ የ53 ያህል፣ 56ቱ የ85 ያህል እይታ ይሰጣሉ። 35ቱ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሌንስ ነው፤ ሞተሩ የዘመኑ ስለሆነ ከአዳዲሶቹ ይዘገያል፣ ድምፅም አለው። ግን 187 ግራም ብቻ ነው፤ ፊት ላይ የሚሰጠው ለስላሳነትም በእኔ ዐይን የሚተካ አይደለም። የካሜራው ማረጋጊያ እስከ 7 ስቶፕ ይደርሳል ይባላል፤ የሚያረጋጋው ግን የእኔን እጅ እንጂ መቋሚያ ይዞ የሚያሸበሽበውን ዲያቆን አይደለም። ለወረብ የሚያስፈልገው ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ነው፤ ኤፍ 1.4 ዋጋው እዚያ ይታወቃል።

56ቱ ለብቻ ፊት የተሠራ ነው። በኤፍ 1.2 አንዱ ዐይን ጥርት ሲል ሌላው ይለሰልሳል፤ ሙሽራና ሙሽሪት ጎን ለጎን ሲቆሙ ኤፍ 2.8 ካላደረጋችሁት አንዳቸው ይደበዝዛሉ። ለጥምቀት አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ካሜራውና 56ቱ ከርጥበት መከላከያ አላቸው፣ 35ቱ የለውም። ጃንሜዳ ጠበል ሲረጭ የምይዘው የትኛውን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ከቀለም ቅንብሮቹ ቬልቪያ ጥልፍና አበባ ላይ ያምራል፣ ፊትን ግን ያቀላዋል። ለቆዳችን የመረጥኩት ፕሮ ኔጋ ስታንዳርድን ነው፤ ጥላ ውስጥ ያለውን የጠይምነት ደረጃ አይውጠውም።

ክብደቱ ከባትሪና ከካርድ ጋር 557 ግራም ነው። ካነን 5ዲ ማርክ 3 ወደ 950 ግራም ይመዝናል። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት አንገት ላይ ለሚያንጠለጥል ሰው ልዩነቱ ሰፊ ነው። በባትሪ ግን ዲኤስኤልአሩ ይበልጣል፤ የዚህኛው በይፋ የተነገረለት 580 ፎቶ ያህል ነው። መብራት ሊጠፋ ይችላልና ከሠርጉ ዋዜማ በፊት ሁለት ሦስት ባትሪ ሞልታችሁ አስቀምጡ።

«5ዲዬን ልሽጥ ወይ?» ላላችሁኝ፦ ሥራችሁ በስቱዲዮና በፍላሽ ከሆነ አትቸኩሉ። በፍላሽ ስታነሱ ያ ቀድሞ የማየት ጥቅም አይሠራም፤ እንዲያውም ቪውፋይንደሩ እንዳይጨልምባችሁ ቅድመ እይታውን ማጥፋት ይኖርባችኋል። ቅዳሴ፣ ተክሊልና ክብረ በዓል የምታነሱ ከሆነ ግን ለውጡ ያዋጣል። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው ልታስመጡ ከሆነና ገንዘቡ ለአንድ ሌንስ ብቻ ከደረሰ 35ቱን ያዙ፤ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ጠባብ ሳሎን 56ቱ ከግድግዳ ጋር ያጣብቃችኋል። በዚህ ካሜራ ያነሳኋቸውን የሠርግ ፎቶዎች ሙሽሮቹ ሲፈቅዱልኝ እለጥፋለሁ።