ቧንቧ ጠባቂ በውቅያኖስ ዳር

ሜሪላንድ ውስጥ ኦሽን ሲቲ ላይ፣ ዊንተር ሲገባ ቤቱን በነፃ የሚያውስ ሰው ቢገኝ አይግረማችሁ። በሰመር ቅዳሜና እሁድ እስከ 300 ሺህ ሰው የሚተራመስባት ይህች ቀጭን የአሸዋ ደሴት፣ ብርዱ ሲመጣ 7 ሺህ ያህል ቋሚ ነዋሪዎቿን ብቻ ይዛ ትቀራለች። ባዶ ቤት ደግሞ በብርድ አገር ጠላቱ ብዙ ነው። ማሞቂያው ከጠፋ ውሃው ቧንቧ ውስጥ በረዶ ይሆናል፤ በረዶ ሲሆን ያብጥና ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። ባለቤቱ ወሬውን የሚሰማው ከታች ባለው ጎረቤት ሳሎን ውስጥ ውሃ መንጠብጠብ ሲጀምር ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረው ኪራዬ አልቆ፣ የምገባበት ቤት እስከ ኤፕሪል እንደማይለቀቅ ጋሼና ባለቤታቸው እትዬ ሲሰሙ የኦሽን ሲቲ ቤታቸውን ቁልፍ ሰጡኝ። እኔ ምስጋናውን ሳዥጎደጉድ ጋሼ አልተሸፋፈኑም። “አንቺንማ እግዜር ይጠብቅሻል፤ ቧንቧዎቹን አንቺ ጠብቂልኝ” አሉኝ።

የቼሳፒክን ድልድይ ከተሻገሩ በኋላ ሩት 50 ለጥ ባለው እርሻ መሃል ይዞ ይሄድና ውቅያኖሱ አፍ ላይ ይጥላል። ከከተማዋ መውጫ ላይ “ሳክራሜንቶ 3,073 ማይል” የሚል ምልክት ተተክሏል፤ መንገዱ እስከ ካሊፎርኒያ ይዘልቃልና። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሳክራሜንቶ ሳይሆን እንጀራው ያለበት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ደርሶ መልስ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ በየእንጀራው መሃል ላስቲክ እያደረግሁ ፍሪዘሩን ሞልቼዋለሁ። የእትዬ የሰመር አይስክሬም ጥግ ይዞ ቀርቷል።

ፍሪጁ ላይ በእትዬ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ማሞቂያው ከ55 ፋራናይት እንዳይወርድ። ብርዱ ከጠና ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ቁም ሣጥን ይከፈት፣ ውሃውም ጠብ ጠብ ይበል። እዚህ ድረስ ግልጽ ነው። የመጨረሻው ግን “መኪናሽን በቤዩ በኩል እንዳታቆሚ” ይላል። ውቅያኖሱ በሌላ በኩል እያገሳ፣ ከደሴቲቱ ጀርባ ያለውን ጸጥተኛ ቤይ ምን ፈሩት?

መልሱን ያገኘሁት ኖርኢስተር የሚሉት ማዕበል በመጣ ምሽት ነው። በውቅያኖሱ በኩል ግንብና የአሸዋ ክምር አለ፤ ቤዩ ግን ዝቅ ያለ ነው። ነፋሱ ውሃውን ገፍቶ ካስገባው በኋላ መውጫ ሲያሳጣው፣ ባሕሩ ከኋላ በር ይመጣል። ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ከመንገዱ ፍሳሽ መውረጃ ጨዋማ ውሃ ሽቅብ ይፈልቅ ነበር። አንድ የቆሻሻ በርሜል ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ቀስ እያለ መስቀለኛውን መንገድ ተሻገረ። ቀይ መብራትም አላስቆመውም።

ሥራዬ ለሆስፒታሎች በስልክ ማስተርጎም ነው። የዚያን ሰሞን ነፋሱ መስኮቱን ሲያንቋቋው በስልኩ ሳይሰማ አልቀረም፣ አንዲት እናት ሐኪሙን ትተው “ልጄ፣ እዚያ ዝናብ ነው እንዴ?” አሉኝ። አስተርጓሚ የተባለውን ሁሉ የማስተላለፍ ግዴታ አለበት። ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ “እዚያ ዝናብ ነው እንዴ?” አልኩት። እሱም ግራ ተጋብቶ “የለም፣ እዚህ ፀሐይ ነው” አለ፤ ያንንም በአማርኛ መለስኩላቸው።

ዓመቱን ሙሉ ደሴቲቱ ላይ የሚኖሩት ሽማግሌ ጎረቤቴ ስለ ማዕበል ካነሱ አያባሩም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1933 የመጣው አውሎ ነፋስ ደሴቷን ለሁለት ቆርጦ፣ የባቡሩን ድልድይ ይዞት ሄደ። ነገር ግን በተከፈተው ቀዳዳ ጀልባ ከቤዩ በቀጥታ ወደ ውቅያኖስ መውጣት ስለቻለ፣ ሰዉ መልሶ እንዳይደፈን ዳርና ዳሩን በድንጋይ ገነባው። ከቀዳዳው ማዶ የቀረው አሳቲግ የዱር ፈረሶች ይዟል። ሄጄ አይቻቸዋለሁ፤ የዊንተር ጠጉራቸው እንደ በግ ጥቅጥቅ ብሏል። ከ40 ጫማ ባነሰ ርቀት መቅረብ ክልክል ነው፤ መመገብም እንዲሁ። እነሱን በነፃ የሚያሳድር የለም፣ የሚፈነዳባቸው ቧንቧም የለም።

በገና ጾም እኚሁ ጎረቤቴ የተጠበሰ ዓሣ በፎይል ጠቅልለው ደጄ ድረስ አመጡልኝ። በነቢያት ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንደየቤቱ ነው፤ እናቴ ቤት አይበላም። እጃቸውን ላለመመለስ ተቀብዬ፣ ፍሪዘር ውስጥ ከአይስክሬሙ ጎን አሳደርኩት። ለገና በድልህ በላሁት፤ ዶሮ ያማረኝ መሆኑ ግን አልቀረም።

በጃንዋሪ ብርድ ጋሼ ማታ ማታ ይደውላሉ። ሰላምታቸው “ጠብ ይላል?” ነው። ይላል፣ ጋሼ። ከዚያ እንዴት እንደዋልኩ ይጠይቃሉ። መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር፤ ኋላ ግን ለእንግድነቴ ተመቸኝ። ሰው ቤት ተቀምጦ ውለታ ብቻ መቁጠር ያሳቅቃል፤ እኔ ግን እንቅልፋቸውን እየጠበቅሁላቸው ነው።

ሰሞኑን እትዬ ደውለው፣ የሚመጣው ዊንተርም ቤቱ ባዶ ስለሆነ ከፈለግሁ ቁልፉን እንዳልመልስ ነገሩኝ።

“ኢንተርኔቱን እናንተ ከከፈላችሁ” አልኳቸው።

ሳቁና ስልኩን ለጋሼ ሰጧቸው። “ግማሹን” አሉ ጋሼ። ገና እየተደራደርን ነው።