ጥፋቱ ያንቺ አይደለም

ይድረስ ለውድ እህቴ፤ በነቀምቴም ሁኚ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ለምታሳድጊ እናት።

የሚያደክምሽ ልጁን ማዘል ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቡና ላይ «ምን ሠርታ ይሆን?» ሲባል ሰምተሻል። አማትሽ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብለውሽ ይሆናል፤ ባልሽም ጥሎሽ ሄዶ ይሆናል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌሊት ራስሽን የምትከሺው ነው፦ «በእርግዝናዬ ምን በደልኩ? መንገዱ ተዘግቶ ሐኪም ቤት ባልዘገይ ኖሮ?»

እህቴ፣ ሕፃን ሲወለድ አየር ካጠረው፣ ከባድ የአራስ ቢጫነት ወይም ማጅራት ገትር ከያዘው አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ዳውን ሲንድረም የሚመጣው ሕፃኑ አንድ ተጨማሪ 21ኛ ክሮሞዞም ይዞ ሲፈጠር ነው። እርግማን የለበትም። በወንጌልም፣ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ «ኃጢአቱ የማን ነው?» ሲሉ ጌታ ኢየሱስ እሱንም ወላጆቹንም ከክሱ ነፃ አወጣቸው። የተማሩትም ቢሆኑ እናትን ያለ ጥፋቷ ከሰዋል፤ ኦቲዝም የሚመጣው እናት ለልጇ ፍቅር ስትነፍግ ነው ያሉ ሐኪሞች ነበሩ። በ1964 እ.ኤ.አ. በርናርድ ሪምላንድ የተባለ፣ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የሆነ ምሁር ይህን በመጽሐፉ ሞገተ፤ ክሱም ውድቅ ሆነ። አንቺም በራስሽ ላይ ያቆምሽውን ክስ አንሺ።

የበደሉሽን ይቅር ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ በደል አለና። ይቅርታን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ኤንራይት፣ ይቅር ማለት በደሉን መካድ ወይም የግድ መታረቅ እንዳልሆነ ያስተምራሉ። የአገርሽም ወግ ከዚህ አይርቅም፤ ጃርሳ ቢያ (የአገር ሽማግሌዎች) ለዕርቅ ሲቀመጡ በደሉ ይነገራል፣ በዳዩ ያምናል፣ ካሣም ይከፍላል። ስለዚህ ጥሎሽ የሄደውን ባል ከልብሽ ብትምሪውም የልጁን ቀለብ መስጠት አይቀርለትም። ለልጅሽ መብት ፍርድ ቤት መሄድ ቂመኛ አያሰኝሽም። ይቅርታው የሚያሳርፈው አንቺን ነው፤ እንቅልፍ የነሳሽ ንዴት ይቀልልሻል። ማንም ግን «ቶሎ ይቅር በዪ» ብሎ አያጣድፍሽ። መጀመሪያ አልቅሺ፣ ተናገሪ።

ልጅሽንም አትደብቂው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚያስተምርላቸው ቢያጡ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በጆይ ማዕከል የሌሎችንም እናቶች ልጆች ተቀበሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. እስካረፉ ድረስም ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መናገር አልተዉም። ልጅሽ ማየት የተሳነው ከሆነ ደግሞ፣ ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ባኮ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ።

በሰፈርሽ እንዳንቺ ያለች እናት ፈልጊና አብራችሁ ቡና ጠጡ፤ አንዷ ስትደክም ሌላዋ ልጇን ትያዝላት። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ፣ መኖር ካስጠላሽ ደግሞ ዛሬውኑ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሪ ወይም ጤና ጣቢያ ሂጂ። ልጅሽ እናቱን ይፈልጋታልና፣ ለራስሽም እዘኚ።