ነፋስ በሥራው ሲለካ

ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ነፋስ ቢመሰክሩ ቃላቸው አይገጥምም። በተራራ ላይ የኖረው «ቀላል ሽውታ ነበረ» ሲል፥ በሸለቆ ያደገው «ብርቱ ዐውሎ ነበረ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ «ብርቱ» የሚለው ቃል ልክ የለውምና እያንዳንዱ በለመደው ይሰፍረዋል። ይህ በየብስ ላይ የጨዋታ ክርክር ነው፤ በባሕር ላይ ግን የነፍስ ጉዳይ ነው። በሌሊት ተራውን የሚያስረክብ መርከበኛ በመዝገቡ «ብርቱ ነፋስ» ብሎ ቢጽፍ፥ ተረካቢው ስንቱን ሸራ ማጠፍ እንደሚገባው ከዚህ ቃል ምን ያውቃል?

ይህን ችግር ያቃለለው በአየርላንድ ተወልዶ በእንግሊዝ የባሕር ኃይል ያገለገለው ፍራንሲስ ቦፎርት ነው። በ1806 ዓ.ም. (ዘመናቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በግል መዝገቡ ለነፋስ ደረጃ አወጣለት። ከእርሱም በፊት የሞከሩ ነበሩ፤ መሐንዲሱ ጆን ስሚተን በ1759 ዓ.ም. የነፋስን ኃይል በነፋስ ወፍጮ ሥራ መድቦት ነበር። የቦፎርት ብልሃት ነፋሱን ትቶ መርከቢቱን መጠየቁ ነው። ዜሮ ጸጥታ ነው። በ4 ሸራዋን ሁሉ የዘረጋች የጦር መርከብ በረጋ ውሃ ላይ በሰዓት ከ5 እስከ 6 የባሕር ማይል ትሄዳለች። ከ5 እስከ 9 ያለው፥ ጠላት ስታሳድድ ስንቱን ሸራ መሸከም እንደምትችል ይናገራል። 12 ማንኛውም ሸራ የማይቋቋመው ነው። በ1831 ዓ.ም. ዳርዊንን ይዛ የተነሣችው ቢግል በዚህ ደረጃ ተጠቀመች፤ በ1838 ዓ.ም. የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ለመርከቦቹ ሥርዓት አደረገው።

በቅኔ ቤት ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ስውሩን ወርቅ የሚያገኘው የሚታየውን ሰም አጥብቆ የመረመረ ነው፤ እዚህም ነፋሱ ወርቅ፥ ሸራው ሰም ነው።

ኋላ ግን እንፋሎት ሸራን ሻረና ሰሙ ጠፋ። ስለዚህ የአየር ጠባይ ሊቁ ጆርጅ ሲምፕሰን በ1906 ዓ.ም. ደረጃውን በየብስ ምልክቶች ተረጐመው። ጢስ ቀጥ ብሎ ሲያርግ ዜሮ፤ ነፋሱ ፊትን ሲዳስስና ቅጠል ሲንሾካሾክ 2፤ አቧራና ብጣሽ ወረቀት ሲነሣ 4 ነው። በ6 ጃንጥላ መያዝ ያስቸግራል ይላል፤ ጥላ ይዞ የሚውል ካህን ይህን ያለ ምስክር ያምናል። በ10 ዛፍ ከነሥሩ ይነቀላል፤ ከዚያ በላይ ያለውንስ አያሳየን።

የምድር መናወጥም በሁለት ወገን ይለካል። በ1935 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬ በአብዛኛው በሌላ የተተካው የሪክተር ደረጃ ከመሣሪያ ተነብቦ ለአንዱ መናወጥ አንድ ቁጥር ይሰጣል። በ1902 ዓ.ም. የወጣው የመርካሊ ደረጃ ግን ሰው የተሰማውንና ቤት የደረሰበትን ስለሚጠይቅ፥ ቁጥሩ ከከተማ ከተማ ይለያያል። የመጀመሪያው ምድር ያደረገችውን፥ ሁለተኛው ሰው ያገኘውን ይናገራል፤ እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ።

ዛሬ ነፋስን መሣሪያ ይለካዋል፤ 12 የሚባለውም በሰዓት 118 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሮጠው ጀምሮ ነው። እኔ ዘንድ መሣሪያ የለም፤ በግቢዬ ያሉት ባሕር ዛፎች ይበቁኛል። ባለፈው የካቲት አንድ ተማሪዬ «የኔታ፥ ዛሬስ 6 ነው» አለኝ። «ለ6 ትልቁ ቅርንጫፍ መነቃነቅ አለበት» ብዬው አብረን ወጣን። የሚወዛወዙት ለጋዎቹ ዛፎች ብቻ ነበሩ። 5 ብሎ ጻፈ።