በአንድ ገመድ

ዴንቨር ተወልዶ ያደገው የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አማርኛው ከ«ሰላም» እና ከ«ነይ» አያልፍም፤ የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ የቢሮ ነው፣ ለልጅ አይሆንም። ሦስት ቀን ዝም ተባብለን ከረምን።

በአራተኛው ቀን ወደ በረዶ መንሸራተቻው ተራራ ሄድን። እዚያ አስተማሪዬ ሆነ። ሰው የሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር ጣቢያው ሲደርስ ከቀዘቀዘ፣ መያዣው ከገመዱ ተላቋል ማለት ነው፤ እንደመጣ ከመጣ ግን ከገመዱ ጋር የታሰረ ነው፣ ቶሎ መቀመጥ ያስፈልጋል። ንፋስ የሚከልል ክዳን ያለውም አለ። ለእሱ ብርቁ ግን ወንበርና ዝግ ካቢን በአንድ ገመድ እየተፈራረቁ የሚወጡበት ነው።

እኔም የማውቀውን ጣል አደረግሁ። የመጀመሪያው ወንበር በ1936 እ.ኤ.አ. ኢዳሆ ውስጥ ሰን ቫሊ ላይ ሲሠራ፣ መሐንዲሱ ጄምስ ከራን ሐሳቡን ያገኘው ሙዝ መርከብ ላይ ከሚጫንበት መስመር ነው። በሳቅ ፈረሰ። «ሙዝ» የሚለውንም ያዘ።

እግሬን አየር ላይ አንጠልጥዬ አልወጣም አልኩ። የሚወደውን ወንበር አሳልፎ ካቢኑ በር ላይ ቆመና እጁን ዘረጋልኝ።

«ሙዝ፣ ነይ!»