ወተቱ ይቅር፣ መስኮቱ ይከፈት

ጎዳና ላይ ማስቲሽ የሚስብ ልጅ ስናይ ከንፈራችንን እንመጣለን። እኔ ያንኑ ማስቲሽ በቀን አሥር ሰዓት ስስብ ኖሬያለሁ። የእኔ ግን «ሥራ» ይባል ነበር።

መርካቶ አካባቢ አንዲት ጠባብ ጫማ ቤት ውስጥ ሰባት ሆነን እንሠራ ነበር። የእኔ ድርሻ ሶል መለጠፍ ነው። ማስቲሹን በብሩሽ ትቀባለህ፣ ትንሽ እስኪደርቅ ትጠብቃለህ፣ አጣብቀህ በመዶሻ ትመታለህ። መስኮቱ አይከፈትም። ንፋስ ከገባ ማስቲሹ ቆርቆሮው ውስጥ ይደርቃላ!

የመጀመሪያው ሳምንት ራሴን ሲፈልጠኝና ሲያስመልሰኝ ከረመ። አጠገቤ የሚቀመጠው ጋሼ «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ» አለኝ። እውነትም ለመድኩት። በወሩ ሽታው ጠፋኝ። ሰውነቴ የጠነከረ መስሎኝ ነበር። የደከመው አፍንጫዬ ነው። ትነቱማ እንደ ድሮው ይገባል።

ቅዳሜ ቅዳሜ አለቃችን ለእያንዳንዳችን ግማሽ ሊትር ወተት ይገዛልን ነበር። «መርዙን ያጥብላችኋል» ይላል። ከልቡ ነው፣ እኛም ከልባችን አምነን እንጠጣለን።

ከዚያ የጋሼ እግር መደንዘዝ ጀመረ። ነጠላ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ሳያውቅ ጥሎት ይሄዳል። ቆይቶ ቢላዋውም ከእጁ ይወድቅ ጀመር። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሲሄድ መጀመሪያ የተጠየቀው «ሥራህ ምንድን ነው?» ተብሎ ነው። አገሩ ገባ። በሳምንቱ ዱካው ላይ ሌላ ልጅ ተቀመጠ።

ወተት የሚገባው ሆድ ውስጥ ነው። ትነቱ ግን በሳንባ አድርጎ ደም ውስጥ ነው የሚገባው። አይገናኙም። በአንዳንድ ማስቲሾች ውስጥ ያለው ሄክሳን የእጅና የእግርን ነርቭ ይጎዳል። ቤንዚን የሚባለው ኬሚካል ደግሞ የደም ካንሰር ያመጣል። ቱርካዊው ሐኪም ሙዛፈር አክሶይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ጥናት ቤንዚን ያለበት ማጣበቂያ ሲጠቀሙ ኖረው የደም ካንሰር ስለያዛቸው 26 ጫማ ሠሪዎች ነው።

ሌላም አለ። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል። እኛ ዱካ ላይ ነን፣ የቡናው ከሰልም እዚያው ወለሉ ላይ ነው። እንዴት ሳንቃጠል እንደቀረን ፈጣሪ ይወቀው።

«ድሃ ነን፣ ምን እናድርግ?» ለሚለኝ፦ መስኮትና በር መክፈት ብር አይጠይቅም። ማስቲሹን ለጥቂት ጊዜ የሚበቃ ያህል በትንሽ ጣሳ ቅዳና ዋናውን ክደነው፤ አይደርቅብህም። እጅህን በቤንዚን አትታጠብ። ምሳህን እዚያ አትብላ። እሳት አታስጠጋ። የጨርቅ ማስክ አቧራ እንጂ ትነት አይዝም፤ ለትነት የሚሆነው የከሰል ማጣሪያ ያለው ነው።

አለቃ የሆንክ ደግሞ፣ የሠራተኛን ደህንነት መጠበቅ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተጣለብህ ግዴታ እንጂ ቸርነት አይደለም። የወተቱን ብር ሰብስብና አየሩን ወደ ውጭ የሚገፋ ቬንትሌተር ግዛበት።

ጫማ ቤት፣ ሶፋ ቤት፣ ቆዳ ቤት የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፦ ጣታችሁ ወይ እግራችሁ ከደነዘዘ «ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሐኪም ባይጠይቃችሁም ሥራችሁን ራሳችሁ ንገሩት። በጊዜ ከማስቲሹ የራቁ ብዙዎች ቀስ በቀስ ይሻላቸዋል። ጋሼ ግን ያንን የነገረው ሰው አልነበረም። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ወተቴን እጠጣ ነበር።