ብዙ ሆነው ጣናን በጀልባ

የጓደኞች ቡድን ሰብስበው ከነቤተሰቡ ወደ ባሕር ዳር ሊሄዱ አስበዋል? በጣና ላይ ጀልባ ተከራይቶ መዋል ከሌላው የቡድን ጉዞ ይለያል። በየብስ የደከመው ቀድሞ ይመለሳል፣ ያረፈደው ባጃጅ ይዞ ይደርሳል። ጀልባ ላይ ግን ሁሉም አብሮ ሄዶ አብሮ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ከመሳፈር በፊት ነው።

በቅድሚያ መዳረሻውን ይምረጡ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶችን አያስገቡም። ዳጋ የዐፄ ፋሲልና የሌሎች ነገሥታት አፅም ያረፈበት በመሆኑ ለማየት የሚጓጓው ብዙ ነው። ነገር ግን ባሎች ሲሳለሙ ሚስቶች ከነልጆቻቸው ጀልባ ላይ የሚጠብቁ ከሆነ አብሮ መውጣቱ ምን ትርጉም አለው? ለቤተሰብ ዘጌ ይሻላል። ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወንዱንም ሴቱንም ይቀበላል፤ የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑት ሥዕሎች ለልጆች ታሪክ ለመንገር ያመቻሉ። ወደ ገዳሙ የሚያወጣው የእግር መንገድም በዘጌ ቡና ጥላ ሥር ያልፋል። ነጠላና በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ አይርሱ።

ቀጥሎ ገንዘቡ ነው። ጀልባው የሚከፈልበት በጉዞው እንጂ በሰው ቁጥር ካልሆነ፣ ሁለት ሰው በመጨረሻው ቀን ሲቀር የእነሱ ድርሻ በሌላው ላይ ይወድቃል። ቅሬታ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። እንደ ዕቁብ አንድ ሰብሳቢ ይሰይሙና መዋጮው አስቀድሞ ይግባ፤ የቀረ ሰው ገንዘብ ይመለስ እንደሆነም ያኔውኑ ይወሰን። ባለጀልባውን ዋጋው ነዳጅን፣ የጥበቃ ሰዓትንና አስጎብኚን ይጨምር እንደሆነ ይጠይቁት። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው የሚከፈል ነው።

ደኅንነት ላይ አይደራደሩ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ማዕበል ያነሳል። ጠዋት 1 ሰዓት ተነስተው ለምሳ ቢመለሱ ይመረጣል። የሕይወት አድን ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው መኖሩን፣ ለልጆችም በልካቸው መሆኑን በዓይንዎ ይዩ። ሰው ከበዛ አንዱን ጀልባ ከማጨናነቅ ሁለት ይከራዩ፤ ሕፃናት ከወላጆቻቸው አይለዩ። የአካባቢውን የጉዞ ሁኔታም ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ያጣሩ።

ይህ ሁሉ ካለቀ የቀረው ቀላል ነው። ሲመለሱ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል እንዲያልፉ ባለጀልባውን ይጠይቁት። ዕድል ከቀናዎት ጉማሬ ያያሉ፤ ሒሳብ የሚያነሳ ሰው ግን አይኖርም።