የምላጩ ሒሳብ

በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ምሽት ሾርት ኖርዝ ይጨናነቃል። ጋለሪዎች በራቸውን ከፍተው ያመሻሉ፤ በሃይ ስትሪት ላይ የተተከሉት የብረት ቅስቶች ያበራሉ፤ ሰዉ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ይሻገራል። ከእነዚህ ምሽቶች በአንዱ እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው መኖሪያዬ ወለል ላይ ተንበርክኬ፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት አጥልቄ፣ ከተጠቀለለ ብረት ጋር እታገል ነበር። 158 ኢንች፣ ማለትም አራት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የመጋዝ ምላጭ ነው። ሦስት ዙር ተጠምጥሞ በሽቦ ታስሯል። ሽቦውን ስቆርጠው በአንድ ጊዜ ተፈናጥሮ ክፍሉን ሞላውና የሶፋዬን ልብስ ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው። ከታች ሙዚቃ ይሰማል። ጥርሱ ወደ የት እንደሚያጋድል ለማየት የስልኬን መብራት አበራሁ።

ምላጩ የሚላከው እንጅባራ አቅራቢያ ለሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ከቁጠባዬ ከፍዬ ተንቀሳቃሽ የግንድ መሰንጠቂያ ገዝቼለታለሁ። ይህ ማሽን በመኪና ተጎትቶ ግንዱ ወዳለበት ይሄዳል። ግንዱ ሐዲድ በመሰለ ማረፊያ ላይ ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ሞተሩን የተሸከመው ራስ በላዩ እየተንሸራተተ ያልፋል። የሚቆርጠው በሁለት መዘውሮች ላይ እንደ ቀበቶ የሚዞር ስስ ብረት ነው። ልጅ ሳለሁ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ሁለት ሰዎች ቀኑን ሙሉ በሚስቡት መጋዝ ጣውላ ሲወጣ አይቻለሁ። የማሽኑን ማስታወቂያ ሳነብ በዓይኔ የመጣው ከታች የቆመው ሰው ፊት ነበር፤ ብናኙ የሚዘንበው በእርሱ ላይ ነውና።

በሠንጠረዥ ለሚኖር ሰው ደግሞ ሒሳቡ ያማልላል። የተለመደው ክብ መጋዝ በእያንዳንዱ ቁርጥ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ወደ ሰጋቱራ ይለውጣል። ስሱ ምላጭ የሚበላው ሁለት ሚሊ ሜትር ከጥቂት ነው። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው የተጠረበ ግንድ 25 ሚሊ ሜትር ጣውላ ብናወጣ፣ ክብ መጋዙ ዘጠኝ ይሰጠናል፤ ምላጩ አሥራ አንድ። ከአንዱ ግንድ ሁለት ጣውላ በነጻ! በአዊ ገበሬው ዲከረንስ ተክሎ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከሰል ያደርገዋል፤ ባሕር ዛፉን ገና ቀጭን ሳለ በአጣና ይሸጠዋል። ዛፉ እስኪወፍር ታግሦ ጣውላ ማውጣት ቢቻል የአንዱ ዛፍ ዋጋ በእጥፍ ያድጋል ብዬ ጻፍኩ። በሙያዬ ለሌሎች የምጽፈውን ዓይነት ሰነድ ለገዛ ቤተሰቤ አዘጋጀሁ ማለት ነው። ማሽኑ፣ ማጓጓዣው፣ ነዳጁ፣ የአራት ሠራተኞች ደመወዝ ሁሉ የየራሳቸው ረድፍ ነበራቸው። ምላጭ «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚለው ውስጥ ነበር።

ከማሽኑ ጋር የመጡት አሥር ምላጮች ሲያልቁ ወንድሜ ደወለ። የትኛው ዓይነት እንደሚሻለው ግን አልጠየቅሁትም። ካታሎጉን ከፈትኩ፤ ውፍረታቸው ከ0.035 እስከ 0.055 ኢንች ይለያያል። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፣ ስለዚህ ወፍራሙ ይበጃል አልኩ። ለአንዱ 30 ዶላር ያህል ከፍዬ ሃያ ምላጭ ላክሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስድስቱ ተበጠሱ። «ጋሼ፣ ቺንጋው ከብየዳው ላይ ሳይሆን ከመሐሉ ነው የሚበጠስ» አለኝ። ምላጩን ቺንጋ ይለዋል፣ እንደ ሞተር ቀበቶ ስለሚዞር። ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ሰጋቱራ የሚሉትን ቃላት ጣሊያኖች ከመጋዞቻቸው ጋር ትተውልን ሄዱ፤ ለዚህ ዕቃ ግን ገና ስም ስላልወጣለት እርሱ ካለው ቃል ተበደረ። እኔ ብረቱን የሸጠልኝን ሱቅ ረገምኩ። አራቱ ሠራተኞች ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ማሽኑም በሸራ ተሸፍኖ ሁለት ወር ቆመ።

ኮሎምበስ በአንድ ወቅት እንጨትን የሚያውቅ ከተማ ነበር። ዛሬ በብረት የቆሙት ቅስቶች የመጀመሪያ ዝርያዎች በ1888 እ.ኤ.አ. የርስ በርስ ጦርነቱ ዘማቾች እዚህ ሲሰበሰቡ ከእንጨት የተሠሩ ናቸው። ከሾርት ኖርዝ በስተ ደቡብ፣ ዛሬ ስታዲየምና ቢሮ በሞሉበት ሰፈር፣ በዚያው ዘመን ስሙ የገነነ የፈረስ ጋሪ ፋብሪካ ነበር። አሁን እንጨት የሚሰነጥቅ ሰው ለማግኘት ከከተማው መውጣት ያስፈልጋል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከሰሜን በኩል ግማሽ ሰዓት በመኪና ወደሚያስኬድ እርሻ ጠቆመችኝ። በዚያ የሚኖሩት አዛውንት በአረንጓዴው የአሽ ጥንዚዛ የሞቱ ዛፎችን እየሰበሰቡ ይሰነጥቃሉ። ይህ ነፍሳት ኦሃዮ ውስጥ የተገኘው በ2003 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የአሽ ዛፍን ከግዛቱ ሊያጠፋው ተቃርቧል።

አዛውንቱ የተበጠሰውን ምላጭ ፎቶግራፍ አይተው መጀመሪያ የጠየቁኝ የመዘውሩን ስፋት ነው። 19 ኢንች መሆኑን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩን በኋላ እኔው በቁጥር አስቀመጥኩት። ምላጩ በደቂቃ 5,000 ጫማ ያህል ይሮጣል። 158 ኢንች ርዝመት ስላለው በደቂቃ 380 ጊዜ ያህል ሙሉ ዙር ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር በሁለቱ መዘውሮች ላይ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል። በደቂቃ ከ750 ጊዜ በላይ የሚታጠፍ ብረት ማለት ነው። ሽቦን በእጁ እያጠፈ የበጠሰ ሁሉ የሚሆነውን ያውቃል፤ ስሱ ሽቦ ብዙ ይታገሣል፣ ወፍራሙ ቶሎ ይደክማል። ወፍራም ምላጭ ቀጥ ብሎ ይቆርጣል፣ እርግጥ ነው። ግን ሰፊ መዘውርና ኃይለኛ ሞተር ይፈልጋል። የወንድሜ ማሽን ሁለቱም የሉትም።

የሞተሩ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ አሳፈረኝ። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየር በማፈኛ የማይሞላለት ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ በወረቀት ላይ 25 የፈረስ ጉልበት የተባለው በእኛ አገር 19 ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ለማግኘት ማንንም መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር፤ ያደግሁበት ከፍታ ነው።

ቀጥሎ የጥርሱ ዝንባሌ መጣ። እያንዳንዱ ጥርስ ወደፊት ያጋድላል፤ ማጋደሉ በዲግሪ ይለካል። አሥር ዲግሪ ያጋደለ ጥርስ እንጨቱን ነክሶ ይስባል፤ ለስላሳና እርጥብ እንጨት ላይ ፈጣን ነው። አራት ዲግሪ ብቻ ያጋደለው ቀጥ ያለ ነውና ይፍቃል እንጂ አይነክስም። የኦሃዮ ሻጮች ይህን አራት ዲግሪ የሚሸጡት በክረምት በበረዶ ለጠነከረ ግንድ ነው፤ ካታሎጉም በዚያው ስም ይጠራዋል። እኔም «የቀዘቀዘ እንጨት» የሚለውን ባየሁ ጊዜ ገጹን አልፌው ነበር፤ እንጅባራ ምን በረዶ አላት? አዛውንቱ ግን በረዶው እንጨቱን ጠንካራ ማድረጉ ብቻ እንደሚቆጠር አስረዱኝ። ደርቆ የጠነከረ ባሕር ዛፍም ያንኑ ጥርስ ይፈልጋል። ካታሎጉ የተጻፈው በኦክ፣ በሂከሪና በጥድ ቋንቋ ነው። ባሕር ዛፍን ሊያስተምረኝ የሚችለው አውስትራሊያዊ ነበር፤ ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከዚያ የመጣ ነውና። እኛ ግን ዛፉን ስናመጣ የሰንጣቂዎቹን ዕውቀት አላመጣንም። ባሕር ዛፍ በቁሙ ውስጡ ውጥረት ያጠራቅማል፤ የግንዱ ዳር ይሳባል፣ እምብርቱ ይታመቃል። ሲሰነጠቅ ያ ውጥረት ይፈታና ጣውላው እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ ቁርጡም ተመልሶ ምላጩን ይጨምቀዋል። መድኃኒቱ ግንዱን ቶሎ ቶሎ ማገላበጥና ከምላጩ በስተኋላ ሽብልቅ ማስገባት ነው። ወንድሜ ይህን ስነግረው ሳቀ፤ ሽብልቅ ማስገባት የጀመረው በሁለተኛው ቀን ነበር።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ ወደ አገር ቤት ማሽን ልካችኋል፣ ወይም የላኩትን መክራችኋል። ስለዚህ ሒሳቡን በግልጽ ላስቀምጠው። አንድ ምላጭ ሁለት ሰዓት ያህል ሠርቶ መነሣት አለበት፤ ገና እየቆረጠ ቢሆንም። የዶለዶመ ጥርስ ይግላል፤ በጥርሶቹ መካከል ካለው ጉድጓድ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይጀምራል፤ ሲሳል ያ ስንጥቅ አብሮ ይታረዳል። እንዲህ እየተሳለ አንዱ ምላጭ አምስት ጊዜ ቢያገለግል አሥር ሰዓት ሠራ ማለት ነው። በሳምንት አርባ ሰዓት ለሚሠራ ማሽን አራት ምላጭ ያስፈልጋል።

አሁን ከሕጉ ጋር እናስተያየው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንብ ቁጥር 270 ባለሀብት የካፒታል ዕቃን ከቀረጥ ነጻ እንዲያስገባ ሲፈቅድ፣ መለዋወጫ ደግሞ እስከ ማሽኑ ዋጋ 15 በመቶ ድረስ ፈቅዶ ነበር። ማሽኑ 12,000 ዶላር ከሆነ 1,800 ዶላር መሆኑ ነው። ምላጭ በመለዋወጫነት ቢቆጠርለት እንኳ ስልሳ ምላጭ ይገዛል፤ ስልሳ ምላጭ አሥራ አምስት ሳምንት ያሠራል። ከአራት ወር ላነሰ ጊዜ ማለት ነው። ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ያሰቡት እንደ ሸማ መሥሪያ ወይም እንደ ወፍጮ ያለ፣ አልፎ አልፎ ጥርስ የሚሰበርበትን ማሽን ይመስለኛል። ራሱን በየቀኑ እየበላ የሚሠራ ማሽን በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም። የወንድሜ ሥራ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ባለሀብት ለመባል ትንሽ፣ ችላ ለመባል ግን አራት ደመወዝ የሚከፍል።

የምንዛሪውም ጉዳይ አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ገበያው ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ30 ዶላሩ ምላጭ ከ1,700 ብር ወደ 3,000 እና ከዚያ በላይ ዘለለ፤ የጣውላ ዋጋ እንደዚያ አልዘለለም። ማሻሻያውን በአደባባይ ደግፌ ጽፌያለሁ፤ አሁንም አቋሜን አልለወጥኩም። ወንድሜ ግን ያንን ጽሑፍ አንብቦ ምንም አላለኝም፤ ዝምታውን እስካሁን አስታውሰዋለሁ። በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ መንገድ ሲዘጋ አዲስ አበባ የደረሰ ዕቃ ለሳምንታት እዚያው ይቀመጣል፤ ስለዚህ አርባ ምላጭ አስቀድሞ መያዝ ቅንጦት መሆኑ ቀረ።

ዛሬ የሚመርጠው እርሱ ነው። የተሰበረ ጥርስ ሲያገኝ ከማስመሪያ ጋር አድርጎ ፎቶ ያነሣልኛል። የሚያዘውም ባለ 0.042 ውፍረት፣ ባለ አራት ዲግሪ፣ ርካሹን ተራ ብረት ነው። ለረጅም ጊዜ ስለቱን የሚጠብቅ ባለ ሁለት ዓይነት ብረት ልላክልህ ብለው እምቢ አለ። ከግቢ አጥር የሚቆረጠው ባሕር ዛፍ ውስጥ ምስማርና ሽቦ አይጠፋም፤ ምስማር ደግሞ ውድና ርካሽ አይለይም። አዛውንቱም የከተማ ዛፍ ሲሰነጥቁ ያንኑ ያደርጋሉ። አንዱ ምላጭ አንድ ኪሎ ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ ስለዚህ ሃያ ምላጭ በአንድ የ23 ኪሎ ሻንጣ ይገባል። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር የምጠይቀው ስለ ሁለተኛው ሻንጣው ሆኗል።

ባለፈው ወር ግን ምላጭ አልጠየቀም። የምላጭ መሳያ ማሽን ፈለገ፤ ጥርሱንና ጉድጓዱን አብሮ የሚስለውን። እስካሁን በሞረድ እየሳለ ነበር፤ ጥርሱን ማሾል ይቻላል፣ ጉድጓዱ ግን ሳይነካ ይቀራል፣ ስለዚህ ምላጩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ይበጠሳል። ዋጋው ከስልሳ ምላጭ ዋጋ ጋር ይስተካከላል። ትንሽ አመነታሁ፤ ከዚያ ስሌቱን ሠርቼ ተስማማሁ። ቅዳሜ ማታ የክፍያውን ገጽ ከፍቼ ሳለ ደወለ።

«ጋሼ፣ ስንት ቮልት ነው?»

አላየሁም ነበር። ገጹን ወደ ላይ መለስኩት፤ 110 ይላል። የእኛ መብራት 220 ነው፤ እርሱም ቢሆን ሲመጣ። ከታች በኩል በመኪና ባትሪ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ሌላ ዓይነት እንዳለ ተጽፏል፣ ለማዘዝ ግን መደወል ይጠይቃል። ሱቁ የሚከፈተው ሰኞ ነው።